ሰባት ቆርኪ ስጪኝ፦ ለድሬዳዋ የትምህርት ኃላፊዎችና ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፣
ለቅድመ አንደኛ ደረጃና ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣
ልጆቻችሁን አምናችሁ ለሰጣችሁን ወላጆች፣

የተከበራችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ መጀመሪያ በግል መዋዕለ ሕፃናት፣ አሁን ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል። ይህን የምጽፈው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። የምጠይቀው ነገር ክፍሎች ከተደለደሉና የዓመቱ ዕቅድ ከጸደቀ በኋላ ቢመጣ ሊሰማኝ ጊዜ ያለው ሰው አላገኝም።

በምዝገባ ሰሞን አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። «እስከ መቶ ትቆጥራለች» አለችኝ፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ብላ ጀመረችና አንድም ቦታ ሳትሰናከል መቶ ደረሰች። አጨበጨብኩላት፤ ይገባታል። ከዚያ ከመሳቢያዬ የለስላሳ ቆርኪዎች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና «በይ ሰባት ስጪኝ» አልኳት። አንድ እፍኝ ዘግና ሰጠችኝ። ስቆጥረው አሥራ አንድ ነው። «ይኼ ሰባት ነው?» ስላት «አዎ ቲቸር» አለች፤ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። «እስቲ ቁጠሪያቸው» አልኳት፤ ጣቷ ሦስተኛው ቆርኪ ላይ ሳለ አፏ ስድስት ደርሷል። በእንግሊዝኛም ሞከርን፣ ያው ነው። እናትየው ደነገጠች። «ሰነፍ ናት ማለት ነው?» ስትለኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰነፍ አይደለችም። መቶ ቃል በቅደም ተከተል በቃሏ የያዘች ልጅ እንዴት ሰነፍ ትባላለች? የቸገረው ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ሰባት» ብሎ በእጇ ሰባት ነገር ያስያዛት ሰው አልነበረም። ቁጥር ለእሷ መዝሙር ነበር።

ይህ የድሬዳዋ ልጆች ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካረን ዊን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት ልጆችን «ይህን ያህል ስጠኝ» እያለች ስትጠይቅ፣ አፋቸው ላይ ቁጥር የሚፈስላቸው ትንንሽ ልጆች ሳይቆጥሩ ዝም ብለው እፍኝ ሲያነሱ አግኝታለች። ከእሷ በፊት እ.ኤ.አ. በ1978 ሮሼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል መቁጠር በውስጡ ምን ምን እንደያዘ ዘርዝረው አሳይተው ነበር። ከዚያ ውስጥ እኔ በየቀኑ ክፍሌ ውስጥ የማየው ሦስቱን ነው። ልጁ የቁጥሮቹን ስም በማይለዋወጥ ቅደም ተከተል ማወቅ አለበት፤ ይህን በመዝሙር ያገኘዋል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት አለበት፤ ሳይዘል፣ ሳይደግም። ይህን ግን መዝሙር አይሰጠውም፣ ጣትና ቆርኪ ነው የሚሰጠው። በመጨረሻም ያቆመበት ቃል የመጨረሻው ቆርኪ ስም ብቻ ሳይሆን የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት አለበት። ሦስተኛው ነው ከባዱ። «ስንት ናቸው?» ስትሉት ልጁ መልሶ ከአንድ ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ ገና እዚያ አልደረሰም።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ገና ሁለተኛው ላይ ላለ ልጅ ደብተር ሰጥተን «ከ1 እስከ 50 ጻፍ» እንለዋለን።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር ልጆቹን ሰሌን ላይ አስቀምጬ ጠጠር አስቆጥር ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በር ላይ ቆመው ካዩን በኋላ «ወላጅ የሚከፍለው ልጁ ጠጠር እንዲጫወት ነው?» አሉኝ። በማግሥቱ ሰሌኑ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሁለት ገጽ ቁጥር አስጻፍኩ፤ ማታ ወላጅ ደብተሩን ገልጦ የሞላ ገጽ ሲያይ ደስ ይለዋል። ኃላፊዋን አልወቅስም፤ እሳቸውም የሚፈሩት ወላጅ ነበራቸው። እኔ ግን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያ ዓመት አንድ ወንድ ልጅ «አሥራ አምስት ጻፍ» ባልኩት ቁጥር 105 ይጽፍ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት፣ ደጋግሜ አደረግኩበት። አንድ ቀን «ለምን እንዲህ ጻፍክ?» ብዬ ስጠይቀው «አሥር» ብሎ 10ን አሳየኝ፣ «አምስት» ብሎ 5ን አሳየኝ። ልጁ የሰማውን ነበር የሚጽፈው። አሥራ አምስት ብለን የነገርነው እኛ ነን!

ከዚያ ልጅ በኋላ ነው አስተማሪነቴ የተለወጠው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን የካርቶን ማስቀመጫ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየሱቁ በር ላይ ይጣላል። አምስት በስድስት ነው። ሁለት ሁለት ረድፍ እያደረጋችሁ በመቀስ ብትቆርጡት ከአንዱ ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ላይ አምስት፣ ታች አምስት፣ በጠቅላላው አሥር ጉድጓድ ይኖረዋል። እኔ «አሥር ቤት» እለዋለሁ። ልጁ ከላይኛው ረድፍ ከግራ ጀምሮ በየጉድጓዱ አንዳንድ ቆርኪ ያስቀምጣል። ሁለት ቆርኪ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቢከት ራሱ ያየዋል፤ ቢዘልም ባዶው ጉድጓድ ይታየዋል። አንድ ለአንድ የሚባለውን ነገር እኔ ሳልናገር ካርቶኑ ያስተምርልኛል። ሰባት ሲሞላ የላይኛው ረድፍ ሙሉ፣ ታች ሁለት፣ ባዶው ሦስት ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳይቆጥር በዓይኑ አይቶ «ሰባት» ይላል፤ «አሥር ለመሙላት ስንት ቀረው?» ብትሉት «ሦስት» ይላል። መደመርና መቀነስ እዚያው ተጀምሯል፤ ምልክቱ ገና ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

ስምንትና አምስትን ለመደመር ሁለት አሥር ቤት ጎን ለጎን እናደርጋለን። አንዱ ላይ ስምንት፣ ሌላው ላይ አምስት። ልጁ ከአምስቱ ሁለት አንሥቶ የስምንቱን ባዶ ይሞላል። አሁን አንዱ ቤት ሙሉ ነው፣ በሌላው ሦስት አለ። አሥር፣ ደግሞም ሦስት። አሥራ ሦስት! ቋንቋችን መልሱን በስሙ ውስጥ አስቀምጦልናል። የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ለትንሽ ልጅ በውስጣቸው አሥር እንዳለ አይናገሩም፤ የእኛ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ግን በግልጽ ይናገራሉ። ይህን የመሰለ መሣሪያ አፋችን ላይ እያለ ልጆቻችንን በመጀመሪያው ዓመት በማያውቁት ቋንቋ ማስቆጠር ያሳዝነኛል። እንግሊዝኛ ይማሩ፤ ብዛትን ካወቁ በኋላ ስሙን በሌላ ቋንቋ መተካት የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።

የግዕዝ ቁጥርም እንዲሁ። በብዙ ቀን መቁጠሪያዎች ላይ ልጆቹ ያዩታል። ፲፭ ማለት ፲ እና ፭ ነው፤ አሥሩ ሙሉ አካሉን ይዞ ፊት ለፊት ቆሟል። 15 ላይ ግን አሥሩ ተደብቋል፤ የሚታየው «አንድ» ነው፣ አሥርነቱን የሚናገረው ቦታው ብቻ ነው። ለዚያ 105 ይጽፍ ለነበረው ልጅ አስቀድሜ ፲፭ን ባሳየው ኖሮ ምንኛ በገላገልኩት። አሁን የማደርገው ይህን ነው፦ ከካርቶን ረዘም ያለ ካርድ ቆርጬ 10 እጽፍበታለሁ፣ በግማሹ ልክ የሚሆን አጭር ካርድ ላይ 5 እጽፋለሁ። ልጁ አጭሩን ካርድ በረዥሙ ላይ ሲያስቀምጥ 5ቱ ዜሮውን ይሸፍነውና 15 ይሆናል። ሲያነሣው አሥሩ እዚያው ነው። ደጋግመው ያነሡታል፣ ይሸፍኑታል፤ ሥሩ የተደበቀ ነገር እንዳለ ሲያዩ ዓይናቸው የሚሆነውን ብታዩት ደስ ይላችኋል።

ድሬዳዋ ደግሞ በአንድ ቋንቋ የምትቆጥር ከተማ አይደለችም። ክፍሌ ውስጥ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ሶማሊኛ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር፣ አንዳንዴም አደርኛ የሚናገር ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ይህን እንደ ችግር ነበር የማየው። አሁን በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ ልጅ ቆርኪውን በእናቱ ቋንቋ እንዲቆጥር እፈቅዳለሁ። አንዱ ሸን ይላል፣ ሌላውም ሸን ይላል፤ አምስት በኦሮምኛም በሶማሊኛም ሸን ነውና ይተያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። አራት በአንዱ አፉር፣ በሌላው አፈር፤ ዘጠኝ በአንዱ ሰገል፣ በሌላው ሰጋል ነው። አማርኛ ተናጋሪውም «እኔም ልቁጠር» ይላል። ስሙ ሲለያይ ቆርኪው ግን አምስት ሆኖ ሲቀር፣ ብዛት ከቃሉ የተለየ ነገር መሆኑ ለልጁ ይገባዋል። መምህርም ቢሆን የልጁን ቋንቋ ማወቁ ስሕተቱን እንዲረዳ ያግዘዋል። አሥራ ሁለት በኦሮምኛ ኩዸ ለማ ነው፤ እንደ አማርኛው አሥሩ ይቀድማል። በሶማሊኛ ግን ብዙ ጊዜ ለባ ኢዮ ቶበን ይባላል፤ ሁለት እና አሥር። ስለዚህ አንድ የሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ 12ን 21 ብሎ ቢጽፍ የሰማውን ቅደም ተከተል ይዞ ሊሆን ይችላልና ቀይ ኤክስ ከማድረጋችን በፊት እንጠይቀው።

ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ከእናቷ ጎን የተቀመጠችን ትንሽ ልጅ ተመልከቱ። ቲማቲሙን አምስት አምስት እያደረገች ትመድባለች። ከአንዱ መደብ አንድ ቢጎድል ታያለች፤ ገዢው «አራት መደብ» ሲል እጇ አይሳሳትም። ይህችው ልጅ ክፍል ገብታ ሰሌዳ ላይ «5+5+5+5» ሲጻፍ ጥፍሯን ትበላለች። እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚል ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ በሚነግዱ ልጆች ላይ በታተመ ጥናት፣ አምስቱ ልጆች በንግዳቸው ላይ ሳሉ ከተጠየቁት ሒሳብ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል ሲሠሩ፣ ያንኑ ዓይነት ሒሳብ ወረቀት ላይ በቁጥርና በምልክት ብቻ ሲሰጣቸው የመለሱት ከመቶ 37 ያህሉን ነው። እነዚያ ልጆች ከእኔዎቹ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ግን ሳነበው የቀፊራዋ ልጅ ናት ፊቴ ላይ የመጣችው። ክፍል ውስጥ መደብ እንሠራለን አሁን። አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ፤ ቆርኪው ቲማቲም ነው። እስከዚያ ቀን ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ የዚያን ቀን መምህር ሆና ትውላለች።

ጨዋታዎቻችንም አሉ። በገበጣ ልጁ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣለ ሲዞር አንድ ለአንድን ይለማመዳል። በቅልቦሽ አንዱን ወርውሮ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሲያነሣ ብዛትን በጨረፍታ መለየት ይማራል፤ ጠጠሩ አየር ላይ እያለ ለመቁጠር ጊዜ የለውማ። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ ሳጥኖቹ ውስጥ ቁጥር ብትጽፉላት የቁጥር መሥመር ላይ ቆማለች ማለት ነው። «አራት ላይ ቁሚ፤ ሦስት ዝለይ፤ የት ደረስሽ?» ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆሙበትን ሳጥን «አንድ» ብለው ይቆጥሩና ስድስት ላይ ይቀራሉ። ደብተር ላይ ይህን ስሕተት አታዩትም፤ የተሳሳተ መልስ ብቻ ነው የምታዩት። እግሯን ስታዩ ግን የት ላይ እንደተሳሳተች ይታያችኋል፣ አንዴ በማረም ያልቃል። እርግጥ የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ይህ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት፣ ጥላ ሥር የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ ያቃጥላል።

«ስልሳ ልጅ ይዘሽ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ ብዙ ነው፤ ጥያቄው እውነት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላደርገውም። አንድ ቡድን ሰሌን ላይ ከእኔ ጋር ይሆናል፣ ሌሎቹ ይሥላሉ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጫወታሉ። ጫጫታ አለ፤ የሥራ ጫጫታ ነው። መጀመሪያ ሽምብራ ነበር የማስቆጥረው፤ አንድ ልጅ አፍንጫው ውስጥ ከቶት እስኪወጣለት ድረስ ነፍሴ ተጨንቃ ዋለች። ከዚያ ወዲህ አፍንጫ የማይገባ ነገር ብቻ ነው የምጠቀመው። ቆርኪውንም ጠርዙ እንዳይቆርጣቸው በድንጋይ ቀጥቅጬ ወደ ውስጥ አጥፈዋለሁ። በየከረጢቱ ሃያ አለ፤ ሲያበቃ ልጆቹ ራሳቸው ቆጥረው ሃያ ካልሞላ ከረጢቱ አይታሰርም። መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛ ሥር እየተንፏቀቁ የጠፋውን ይፈልጋሉ፤ «አሥራ ዘጠኝ ነው፣ አንድ ጎደለ!» ብሎ የሚጮኽ ልጅ ያለ ምልክት ቀንሷል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ስለ ክትትሉ ነው። አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍል ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የተሞላ ደብተር ከሆነ መምህር ደብተር ያስሞላል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። በመጀመሪያው መንፈቅ በቅድመ አንደኛ ደረጃና በአንደኛ ክፍል ደብተሩን ለጊዜው ትታችሁ ከልጆቹ አምስቱን ጥሩና ጠጠር ዘርግታችሁ «ሰባት ስጠኝ» በሏቸው። ከሰጠ በኋላ «አንድ ብጨምርበት ስንት ይሆናል?» በሉት። ይህ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ከመቶ ገጽ ደብተርም የበለጠ ስለ መምህሯ ሥራ ይነግራችኋል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲኖር አድርጓል። እነዚህ ሁለት ዓመታት የአንደኛ ክፍል ደብተር ቀድሞ የሚሞላባቸው እንዳይሆኑ በእናንተ እጅ ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ የመርጃ መሣሪያ ክፍላችሁን ክፈቱልን። ለእንግዳ የሚታይ፣ ለልጅ የማይሰጥ ዕቃ ተቆልፎበት ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከጠፋ ይጥፋ፤ ቆርኪ ነው፣ ካርቶን ነው፣ ሌላ እንሰበስባለን። ሰሌን ግን ግዙልን፤ ሲሚንቶ ላይ ልጅ አይቀመጥም። ሥልጠና ስታዘጋጁልንም እባካችሁ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር አይሁን። እኛንም መሬት ላይ አስቀምጡን፤ ካርቶኑን በእጃችን እንቁረጠው፣ ገበጣውን እንጫወተው፤ መምህር በእጁ ያልሠራውን ነገር ልጆቹ ፊት ለማውጣት ይፈራል።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ልጃችሁ በመጀመሪያው ወር ባዶ ደብተር ይዞ ቢመጣ አትቆጡ፤ «ዛሬ ምን ጻፍክ?» ከማለት «ዛሬ ምን ቆጠርክ?» በሉት። ማታ እንጀራ ስታቀርቡ ለስንት ሰው ስንት ብርጭቆ እንደሚያስፈልግ እሱ ይቁጠር፣ እሱ ያቅርብ። አንድ ቢጎድል ዝም በሉ፤ ሰው ሲቀመጥ ራሱ ያየዋል።

ያቺ በምዝገባ ቀን ያገኘኋት ልጅ መስከረም ላይ እኔ ክፍል ናት። ሃያ ቆርኪ የያዘች ከረጢት ስሟ ተጽፎባት ተዘጋጅታለች። የእንቁላል ካርቶን ግን ገና አልበቃኝም፤ በየሰፈራችሁ ያለ ባለ ሱቅ የሚጥለውን ቢያስቀምጥልን ከትምህርት መክፈቻው በፊት እየዞርኩ እወስዳለሁ። የቢሮው ባለሙያዎች ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በኋላ በማንኛውም ጠዋት ብትመጡ ሰሌኑ ላይ ታገኙናላችሁ። ወንበር አለ፤ ከልጆቹ ጋር መሬት ብትቀመጡ ግን ይበልጥ ታያላችሁ።

በአክብሮት፣
አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት
ድሬዳዋ